በሩን ቀንሱ፣ መስኮቱን ቀንሱ

እርጥብ የጭቃ ግድግዳ የራሱ ሽታ አለው፤ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት የከረመ ዝናብ ይመስላል። ባለፈው ሰሞን ልጄ፣ «አባባ፣ በጣም አርጅቷል፤ እናሳድሰው» አለኝ። ቤቱን ማለቱ መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠይቄ ካረጋገጥኩ በኋላ ፈቀድኩ። በማግስቱ አንድ ቀለም ቀቢ ጎረምሳ ባልዲና መሰላሉን በባጃጅ ጭኖ መጣ። የድሮውን ኖራ ፍቆ ግድግዳውን በውኃ ሲያርሰው ያ ሽታ ተነሣ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ለእኔ ብቻ የወጣች ይመስል በጋዜጣ እያራገብኩ ነበር።

ጎረምሳው ሜትሩን ዘርግቶ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና በበሩ ብቅ አለ።

«አባባ፣ ይኼ ትልቁ ክፍል ስንት ካሬ እንደሆነ ያውቃሉ?»

እኔ ሳልጠየቅ መመለስ የምወድ ሰውዬ ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንተ በቀብርህ ላይም ተነሥተህ ንግግር ሳታደርግ አትቀርም» ትለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ተጠይቄ ዝም አልኩ። ሽታውና ጥያቄው አንድ ላይ ሲመጡብኝ፣ ጋሼ ሰይድ እጁ በጠመኔ ነጥቶ፣ በሩ ላይ የቆመ መሰለኝ።

ጋሼ ሰይድ በደርግ ዘመን፣ እኔ ገና ሱሪዬን በሲባጎ አስሬ በምሄድበት ጊዜ፣ የሒሳብ አስተማሪያችን ነበር። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ያኔ ከነበረበት ዕድሜ እጥፉን አልፌ ስለሄድኩ ነው «ነበር» ለማለት የደፈርኩት፤ ቢሰማኝ ጆሮዬን ይዞ «ነበሩ በል» ይለኝ ይሆናል። ከወረኢሉ ደጋ ተመድቦ የመጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሙቀቱን ዕድሜውን ሙሉ ያልለመደ ሰው ነበር። የካኪ ሸሚዙ ጀርባ ላይ የላቡ ጨው ነጭ ካርታ ይሠራ ነበር። ከእጁ የማትለይ አንዲት ሸምበቆ ነበረችው፤ ልክ አንድ ሜትር፣ በጋለ ምስማር እየተኮሰ ሴንቲሜትሯን ምልክት ያደረገባት። ሌሎቹ አስተማሪዎች እንጨት የሚይዙት ለመግረፍ ነበር። የሱ ሸምበቆ እኛን ስትነካን ቁመታችንን ለመለካት ነው።

ካሬ ሜትርን ያስተማረን በሚገርም መንገድ ነው። በክፍላችን የኋላ ግድግዳ ላይ በጠመኔ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አድርጎ ሣለና፣ «ይኼን የሚነካ ወየውለት። አንድ ካሬ ሜትር ይኼ ነው። ስትተኙም ስትነሡም ዓይናችሁ ላይ ይሁን» አለን። ከዚያ ጠየቀን፦ «እዚህ ውስጥ ስንት ካሬ ሴንቲሜትር አለ?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አንድ መቶ!» አለ። ከሁሉ በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ የማላውቀውን ነገር ሁልጊዜ ጮክ ብዬ ነው የምናገረው።

ሳቀብን። «ገመድ መሰላችሁ እንዴ? ገመድ ባንድ በኩል ብቻ ይሄዳል። ካሬ ሁለት እጅ አለው፤ በአንዱ ወርዱን፣ በሌላው ቁመቱን ይይዛል። መቶ በመቶ ነው!» አለና የድሮ ጋዜጣ አምጥቶ አንድ ሴንቲ በአንድ ሴንቲ እየቆረጥን ካሬዋ ላይ እንድንለጥፍ አዘዘን። የትላልቆቹ ሰዎች ፎቶ ያለበትን ገጽ ግን መርጦ እያወጣ ኪሱ ከተተው። «ይኼ አይቆረጥም፤ ይኼ ራሱ ነው የሚቆርጠው» አለ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየት አድርጎ። ስንቆርጥና ስንለጥፍ ሰነበትን፤ የሞላነው አንድ ማዕዘን ብቻ ነው። አሥር ሺህ የሚባለው ቁጥር ስንት እንደሆነ ያኔ በጣቴ ሙጫ ገባኝ።

መዲና የጋሼ ሰይድ አንድያ ልጅ ነበረች፤ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል። አባቷ እንዳያዳላላት ብሎ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው ያስቀመጣት፤ እኔን ደግሞ እንዳልረብሽ ብሎ እዚያው። ስለዚህ የቅጣቴ ቦታ ጀነቴ ነበር። ፀጉሯን ሁለት ቦታ ተጎንጉና፣ ሻሿ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ፣ ምላሷ ከምላጭ የሰላ ልጅ ነበረች። ሄክታር የተማርን ቀን ጋሼ ሰይድ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ማሽላው የታጨደበት ሜዳ ላይ ወሰደንና አራት ልጆች አራት ማዕዘን ላይ አቆመ፤ በያንዳንዳችን መሀል መቶ መቶ ሜትር። እኔ የሮቢ ወንዝ ዳር ማዕዘን ደረሰኝ። ትምህርቱ አለቀ፣ ልጆቹ ሄዱ፣ እኔን ግን የጠራኝ የለም። ከተነቃነቅኩ ሄክታሩ የሚበላሽ መስሎኝ በዚያ ፀሐይ ቆሜ ቀረሁ። መዲና ናት ትዝ ብያት እየሮጠች የተመለሰችው።

«አንተ ማዕዘን! ተፈተሃል፣ ና!» አለችኝ።

እስከ ትምህርት ቤት መጨረሻ ድረስ ስሜ «ማዕዘን» ሆኖ ቀረ። ዛሬ እንኳ አንድ ጥርሱ የረገፈ አብሮ አደጌ ገበያ መሀል «ማዕዘኑ!» ብሎ ሲጠራኝ ዞር እላለሁ።

የመዲና እናት እትዬ ዘሃራ ካራቆሬ ተወልዳ ያደገች ነበረች። አባቷ አቶ ይማም የታወቁ ገበሬ ሲሆኑ፣ ልጃቸው ደመወዝተኛ በማግባቷ ተቆጥተው መዲና ተወልዳ እስክታድግ ድረስ ደጃቸውን ረግጠው አያውቁም። «ስንት ጥማድ መሬት አለው?» ብለው ጠይቀው፣ ምንም የለውም ሲባሉ፣ «አንድ ካሬ መሬት የሌለው ሰው ነው እንዴ ካሬ የሚያስተምረው?» አሉ ተብሎ ከተማው ሁሉ ይስቅ ነበር። ጋሼ ሰይድም አብሮ ይስቃል። እትዬ ዘሃራ ግን አትስቅም። አባቷ አንድ ቀን መጥተው ቤቷ ውስጥ ውኃ ቢጠጡላት፣ ሌላ ነገር ከዱንያ አልፈልግም ትል እንደነበር እናቴ ነግራኛለች።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ የወባ ሠራተኞቹ መጡ። ኃላፊያቸው ጋሽ ተክሌ የሚባል፣ ፓምፑን ጀርባው ላይ አዝሎ ኤሊ የሚመስል፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ግድግዳ ላይ የሚረጨው የትንኝ መድኃኒት፣ ዲዲቲው፣ ለከተማው ሁሉ ልክ በልክ ነው የተሰጣቸው። በየዓመቱ በግምት እየረጩ ዳር ዳሩ ሳይረጭ ያልቅባቸው ስለነበር ጋሼ ሰይድ መላ አመጣ፤ እያንዳንዱ ተማሪ የየቤቱን ግድግዳ ለክቶ ስፋቱን ያምጣ፣ መድኃኒቱም በካሬ ሜትር ይደልደል አለ። አንድ ሜትር ገመድ እየቆረጠ አደለን። ጥቁር ሰሌዳው ላይም ምሳሌ ጻፈ፦ ግድግዳው አምስት ሜትር በሁለት ሜትር፣ አሥር ካሬ። በሩ ሁለት ሜትር በአንድ፣ ሁለት ካሬ።

«በሩን ቀንሱ፣ መስኮቱን ቀንሱ። ትንኝ ክፍት ቦታ ላይ አታርፍም። ሌላ የሚቀነስ አለ?»

«የለም!» እንላለን በአንድ ድምፅ።

እያንዳንዱን ምሳሌ የሚጨርሰው በዚህች ጥያቄ ነበር። እኔ ቤታችንን ስለካ የአያቴን አልጋ ቀንሼ ሄድኩ። «ትንኝ አያትህን አትፈልግም ያለህ ማን ነው?» ብሎ መለሰኝ።

ጋሽ ተክሌ ሊረጭ ሲገባ ለየቤቱ የሚናገራት አንዲት ቃል ነበረችው። «እትዬ፣ መድኃኒቱ የሚሠራው ከላይ ሲታይ ነው። ነክሳችሁ የጠገበች ትንኝ ግድግዳው ላይ ልታርፍ ትመጣለች፣ እዚያ ትሞታለች። በላዩ ጭቃ ከለቀለቃችሁበት ግን ቀበራችሁት ማለት ነው። እባካችሁ ግድግዳ አትለቅልቁ፤ ቢያንስ እስከ ጥር።» ይህን መናገር ቀላል ነው። በእኛ አገር ግን ሴት ወይዘሮ መባሏ በግድግዳዋ ነው። እንግዳ ይመጣል ከተባለ ጭቃው በጭድ ተቦክቶ፣ እበትና አመድ ተቀላቅሎ፣ ግድግዳው በመዳፍ እስኪያበራ ይታሻል። የዲዲቲው ነጭ ዝንጉርጉር ደግሞ ቤቱን እከክ የያዘው ያስመስለዋል። የከተማው ሴቶች ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት።

የጋሼ ሰይድ ቤት የተረጨ ዕለት እትዬ ዘሃራ አልነበረችም። ካራቆሬ ሄዳ ነበር፣ ሽማግሌ ልካ አባቷ ሊያነጋግሯት ፈቅደው። ዕቃውን ያወጣውም፣ ያስረጨውም፣ የጋሽ ተክሌን ቃል የሰማውም እሱ ብቻ ነው። እሷ ከሁለት ቀን በኋላ እየበረረች መጣች፤ አባቷ ለጁምዓ ሊመጡላት ነው! ጋሼ ሰይድ ጠዋት እኛን ሊያስተምር ሲወጣ፣ እሷ የሠፈሩን ሴቶች ጠርታ ጭቃ አስቦካች። እናቴም ከረዷት አንዷ ነበረች። የሠፈሩ ሴቶች እንዲያው ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን አልተናገሩም ትሉኝ ይሆናል። እናቴን ጠይቄያት ነበር። «አስተማሪው ባሏ እያለ እኛ ምን አውቀን እንናገራለን? የተፈቀደላት መስሎን ነው» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ እኔና መዲና ከጋሼ ሰይድ ኋላ ኋላ ደብተሮቹን ተሸክመን ደረስን። ያ ሽታ በሩ ላይ ተቀበለን። ግድግዳው ከጣሪያ እስከ ወለል እንደ ተወለወለ ቆዳ ያበራ ነበር። እትዬ ዘሃራ ክንዷ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆኖ መሀል ቆማለች፣ ግንባሯ ላይም ጭቃ አለ። ካወቅኳት ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

«እንዴት ነው ሰይድ? አባቴ ያፍርብኛል?»

ጋሼ ሰይድ ሸምበቆውን ይዞ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየው። እኔ ሒሳብ እየሠራ መስሎኝ ነበር። እየሠራም ነበር።

«ያምራል» አላት። «ወላሂ፣ ያምራል።»

አቶ ይማም መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ገቡና ሰላምታውን ሳይጨርሱ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። «እናትሽን ነው የምትመስይው፤ እሷም እንዲህ ነበር የምትለቀልቀው» አሉ። እትዬ ዘሃራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከዚያ ወደ አማቻቸው ዞሩ። «እህ፣ አስተማሪው፣ እስካሁን አንድ ካሬ እንኳ አልያዝክም?»

ይህን ሲሉ መዲና ከኪሷ ጠመኔ አወጣች። ወለሉ ላይ በአባቷ ሸምበቆ ለክታ አንድ ካሬ ሜትር ሠራችና የአያቷን እጅ ይዛ መሀሉ ላይ አቆመቻቸው። «አለን አባባ። ይኼው። የእርስዎ ይሁን፤ ቀበሌ አይወስድብዎትም።» ሽማግሌው መጀመሪያ እግራቸውን አዩ፣ ከዚያ ልጅቱን፣ ከዚያ ሳቃቸው ፈነዳ። በዚያች ካሬ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ነው ውኃውንም ምሳውንም የወሰዱት። በማግስቱ ወደ ካራቆሬ ሲመለሱ አማቻቸውን «ልጄ» አሉት።

ክረምቱ አለፈ። ሮቢ ሞልቶ ጎደለ፣ ዳር ዳሩ ላይ ኩሬው ቀረ። ትምህርት በተከፈተ በጥቂት ሳምንቱ መዲና ራሴን አለች። ከሰዓት በፊት ትንቀጠቀጣለች፣ ከሰዓት በኋላ በትኩሳት ትነዳለች። ከጤና ጣቢያው ክሎሮኪን ተሰጣት፣ አስመለሳት። በሦስተኛው ቀን ሰው መለየት ሲያቅታት፣ እህል የጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ለምነው ወደ ደብረ ሲና ይዘዋት ወጡ፣ ጋቢናው ውስጥ እናቷ ታቅፋት፣ አባቷ ጆንያው ላይ። ደብረ ሲና ሳይደርሱ፣ ዳገቱ ላይ አለፈች። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪናው የሚዞርበት ቦታ አልነበረም። ሰፋ ያለ ሜዳ እስኪገኝ ድረስ ሞታም ወደ ላይ ይዘዋት ወጡ። ይህን የነገረን ሾፌሩ ነው፤ ሲነግረን ያለቅስ ነበር።

ለቅሶው ላይ ሁላችንም ነበርን። እኔ እናቴ አጠገብ ነበርኩ፤ ስለ ራሴ የምቀልደው ነገር ያልነበረኝ ብቸኛው ቀን እሱ ይመስለኛል። ጋሽ ተክሌ ከሥራው በቀጥታ፣ ቱታውን እንደለበሰ መጣ። የመዲና አልጋ አጠገብ ቦታ ተለቀቀለትና ተቀመጠ። ከዚያ የሥራ ልማድ ይሆናል፣ ሳያስበው መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ አሸት አሸት አደረገና ጣቶቹን አየ። ነጭ ነገር የለም።

«ይኼ መቼ ነው የተለቀለቀው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

«አባቴ ሲመጣልኝ ነው» አለች እትዬ ዘሃራ። «ምነው?»

ጋሽ ተክሌ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምንም አይደለም እትዬ። ምንም አይደለም። ትንኟ የት እንደነከሰቻት አላህ ነው የሚያውቀው። ወንዝ ዳር ሊሆን ይችላል።» እውነቱን ነው፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። እሷ ግን ደንቆሮ አልነበረችም። የጎረቤቶቿን ግድግዳ ሁሉ አይታለች፤ እኒያ ነጭ ዝንጉርጉሮች ክረምቱን ሙሉ ለምን እንዳልተነኩ ያን ጊዜ ገባት። ወደ ባሏ ዞረች።

«ሰይድ። ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልነገርከኝ?»

ጋሼ ሰይድ የሚያበራውን ግድግዳ አየ።

«ደስ ብሎሽ ነበር» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ዘሃራ ስሙን አልጠራችም። አልተፋታችውም፣ አልሰደበችውም። ምግቡን አቅርባ ለጎረቤት ልጅ፣ «ለዚያ ሰውዬ ውኃ አቀብለው» ትል ነበር። እሱም ወደ ክፍል ተመለሰ። የመጀመሪያው ቀን ላይ ያንኑ የለመደውን ምሳሌ ጻፈ፣ እጁ ብቻ ነው የሚጽፈው። «በሩን ቀንሱ፣ መስኮቱን ቀንሱ» አለ። «ሌላ የሚቀነስ...» ዓይኑ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከእኔ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ዐረፈ። ጠመኔውን አስቀመጠና ወጣ። ያን ቀን «የለም» ብሎ የመለሰ ልጅ አልነበረም፤ እኔ ጯሂው እንኳ።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ እርጎ አስይዛ እነሱ ቤት ላከችኝ። ጋሼ ሰይድ ከመዲና አልጋ በላይ ያለውን ግድግዳ በቢላዋ ይፍቅ ነበር። በሸምበቆዋ ለክቶ አራቱን ጠርዝ አስምሯል፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር። ያን የሚያምር ጭቃ በቀስታ፣ ቁስል እንደሚያጥብ ሰው እየላጠ፣ ከሥሩ የድሮው ግድግዳ ከነነጭ ዝንጉርጉሩ ብቅ አለ። ሌላውን አልነካም። እትዬ ዘሃራ ጓዳው በር ላይ ቆማ ታየዋለች። እኔም እርጎውን አስቀምጬ ወጣሁ።

አረፋ መጣ። በአረፋ ግድግዳ የማይለቀልቅ ቤት የለም፤ የትንኙም ወቅት አልፏል። እናቴ እትዬ ዘሃራን ልታግዛት ስትሄድ ተከትያት ሄድኩ። እትዬ ዘሃራ ግን አጋዥ አልፈለገችም፣ ብቻዋን ነበር የምትሠራው። ከመዲና አልጋ በላይ፣ የተፋቀችው ካሬ ጋ ስትደርስ መዳፏ ጭቃ እንደያዘ ቆመች። ጋሼ ሰይድ ደጅ፣ ጥላው ሥር፣ ደብተር ያርማል።

«ሰይድ» አለች።

እናቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። እሱ ቀና አለ፣ የሰማውን ያላመነ ሰው መስሎ።

«ና እስኪ፣ ጠርዙን ያዝልኝ። እንዳላበላሸው።»

ገባ። ሸምበቆዋን ካሬዋ ጠርዝ ላይ አጋደመና በሁለት እጁ ያዘላት። እሷ እስከ ሸምበቆዋ ድረስ ለቀለቀች፣ ወደ ውስጥ አንዲት ጣት አላሳለፈችም። አንዱን ጠርዝ ሲጨርሱ ወደ ሌላው ሸምበቆዋን ያዞራል፣ እሷ ትጠብቃለች፣ ይይዛል፣ ትለቀልቃለች። አራቱንም እንዲህ ጨረሱ። ትከሻቸው ይነካካ ነበር።

ጋሼ ሰይድ ደርግ ከመውደቁ በፊት ሞተ፣ እትዬ ዘሃራ ብዙ ቆየች። በየዓመቱ አረፋ ላይ ሸምበቆዋን የምይዝላት እኔ ነበርኩ፤ «ማዕዘን፣ ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ጎበጥክ» እያለች። ጎብጫለሁ እውነት ነው፣ ያኔም ጀምሮኝ ነበር። እሷም ከሄደች በኋላ ቤቱ ፈርሶ ሌላ ቤት ተሠራበት። ሸምበቆዋ እኔ ጋ ናት። አልጋዬ ሥር ናት፤ ልጆቼ መቋሚያ ያልበቃኝ ሽማግሌ ይሉኛል።

ጎረምሳው ቀለም ቀቢ አሁንም በሩ ላይ ቆሟል። «ለክቼ ጨርሻለሁ አባባ። በሩን ቀንሻለሁ፣ መስኮቱንም ቀንሻለሁ። ሌላ የሚቀነስ አለ?»

ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ጉልበቶቼ እንደ ልማዳቸው አስቀድመው ጮኹ። ከአልጋው ሥር ሸምበቆዋን አወጣሁና ሰጠሁት።

«አለ» አልኩት። «አንድ ካሬ። ና፣ ጠርዙን እኔ እይዝልሃለሁ።»